የአዳኞች ምክር ከአገር አገር ለምን ይለያያል? አንጋፋ ጥይቶችን ለመምረጥ የሚረዳ ንጽጽር

ስቶክሆልም ያለ የሥራ ባልደረባችሁ «6.5 በ55 ይበቃል፣ ሌላ ምን ያስፈልጋል?» ይላችኋል። ዴንቨር ያለው የአክስታችሁ ልጅ ደግሞ «በእሱ ኤልክ አይሞከርም፣ ማግነም ግዛ» ባይ ነው። ኤልክ ትልቅ የአሜሪካ አጋዘን ነው፤ ማግነም ደግሞ ባሩዱ የበዛ ኃይለኛ ጥይት። ሙኒክ ያለው ጎረቤት ከ8 በ57 ወዲያ ጥይት ያለ አይመስለውም። ሦስቱም ዕድሜያቸውን ጫካ ለጫካ ያሳለፉ አዳኞች ናቸው። ሦስቱም ከልባቸው ነው የሚመክሩት። ደግሞም እያንዳንዳቸው በሚያድኑበት አገር ልክ ናቸው።

ይህን የምጽፈው ውጭ አገር ሆነው የአደን ፈቃድ ለማውጣት ለተነሱና የመጀመሪያ ጠመንጃቸውን ሊገዙ ሲሉ በምክር ብዛት ግራ ለገባቸው ነው። አሜሪካ፣ ጀርመንና ስካንዲኔቪያ ያሉ ወገኖቻችን መካከል እንዲህ ያለ ጥያቄ የሚያነሳ አይጠፋም። መልሴ አጭር ነው። ስለ ጥይቱ ከመጠየቃችሁ በፊት መካሪውን ጠይቁት። የት ነው የሚያድነው? ከስንት ሜትር ነው የሚተኩሰው? ውሻ አለው? የአገሩ ሕግ ምን ይላል? ሥጋውን ምን ያደርገዋል? እነዚህን ካወቃችሁ የሚመርጠውን ጥይት ራሳችሁ ትገምታላችሁ።

ለመግባባት ያህል፣ ከአፈሙዝ የሚወጣውን አረር፣ ባሩዱን የያዘውን ቀለህ፣ ጠቅላላውን ጥይት እያልኩ እሄዳለሁ። «6.5 በ55» ሲባል የመጀመሪያው ቁጥር የአረሩ ስፋት፣ ሁለተኛው የቀለሁ ርዝመት ነው፣ በሚሊ ሜትር፤ እንደ .30-06 በነጥብ የሚጀምር ስም ደግሞ ስፋቱን በኢንች ይናገራል። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

6.5 በ55 ወይስ .30-06

ትልቁ ክርክር ያለው እዚህ ላይ ስለሆነ ረዘም አደርገዋለሁ።

6.5 በ55 የተሠራው በ1890ዎቹ ነው። ያኔ ስዊድንና ኖርዌይ በአንድ ንጉሥ ሥር ነበሩ፤ ጥይቱም ለሁለቱም ጦር በጋራ ነው የወጣው። አረሩ ቀጭን ነው፣ 6.5 ሚሊ ሜትር ገደማ። ግን ረጅምና ለቁመቱ ከባድ ነው። ከፍጥነቱ ይልቅ ጠልቆ በመግባቱ ነው የሚመሰገነው። ስዊድኖች በዚህ ጥይት ከመቶ ዓመት በላይ ሙስ ሲጥሉበት ኖረዋል። ሙስ ከፈረስ የሚበልጥ ግዙፍ የሰሜን አጋዘን ነው።

አሜሪካዊው አዳኝ ይህን ሲሰማ አያምንም። ከአፈሙዝ ሲወጣ 6.5 በ55 ወደ 3000 ጁል ጉልበት አለው። .30-06 በከባዱ አረር ወደ 3900 ጁል ይደርሳል። ታዲያ ስዊድኖች በአነሰው እንዴት ይበቃቸዋል?

መልሱ ያለው ከአደኑ ሥርዓት ላይ ነው። ስዊድን ውስጥ ሙስ በአብዛኛው በቡድን ይታደናል። ሰው በየተመደበበት ቦታ ይቆማል፣ ውሻ ይለቀቃል። ውሻው ሙሱን አግኝቶ እየጮኸ ያስቆመዋል ወይም ወደ አዳኞቹ ይነዳዋል። ጫካው ጥቅጥቅ ያለ ነው። ተኩሱ ብዙ ጊዜ ከመቶ ሜትር በታች ነው። በዚያ ላይ ሕጉ፣ ሙስ ከተተኮሰበት በሁለት ሰዓት ውስጥ የቆሰለ አውሬ ፍለጋ የሠለጠነ ውሻ ቦታው ላይ መድረስ መቻል አለበት ይላል። ሙሱ ተመትቶ መቶ ሜትር ቢሮጥ የሚያገኘው ውሻ አለ ማለት ነው። ስለዚህ ስዊድናዊው በአንድ ጥይት ባለበት የሚዘረር እንስሳ አይጠብቅም። የሚፈልገው ሳንባውን አቋርጦ የሚያልፍ አረር ነው።

ሕጉም የተቀረጸው ይህን ይዞ ነው። በስዊድን ለሙስ የሚፈቀድ ጥይት በ100 ሜትር ላይ ይለካል። አረሩ ቢያንስ 9 ግራም ከሆነ 2700 ጁል፣ 10 ግራምና ከዚያ በላይ ከሆነ ግን 2000 ጁል ብቻ ይጠየቃል። አሁን ሁለት ካርቶን ጥይት ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡ። ሁለቱም 6.5 በ55 ናቸው፣ ከአንድ ጠመንጃ ይተኮሳሉ። በአንዱ ላይ 9.1 ግራም፣ በሌላው ላይ 10.1 ግራም ተጽፏል። 9.1 ግራሙ ፈጠን ይላል፣ ግን በመቶ ሜትር 2700 ጁል አይሞላም። 10.1 ግራሙ ቀስ ይላል፣ ግን 2000 ጁሉን በቀላሉ ያልፋል። ስለዚህ ከባዱ ለሙስ ይፈቀዳል፣ ፈጣኑ አይፈቀድም። ጥይት ስትገዙ ስሙን ብቻ አንብባችሁ አትውጡ የምለው ለዚህ ነው። ካርቶኑ ላይ ያለውን ክብደት እዩ።

ዴንቨር ወዳለችበት ኮሎራዶ እንሂድ። .30-06 በ1906 ለአሜሪካ ጦር ወጣ። በሁለቱ የዓለም ጦርነቶች ዋናው የእግረኛ ጥይት እሱ ነበር። ወታደሩ ወደ ቤቱ ሲመለስ የሚያምነውን ጥይት ይዞ ነው የተመለሰው። የአባት ጠመንጃ ለልጅ ሲተላለፍ ጥይቱም አብሮ ተላለፈ። እኛም አገር ብዙ የቀድሞ ወታደር ያውቀዋል፤ ኤም ዋን ጋራንድ ጠመንጃ የሚጎርሰው ይህንኑ ነው። ኮሪያ የዘመተው የቃኘው ሻለቃም በአሜሪካ መሣሪያ ነበር የተዋጋው።

ግን የአሜሪካ ምዕራብ መሬት ነው ዋናው ምክንያት። ተራራው ገላጣ ነው፣ ሸለቆው ሰፊ ነው። ኤልኩ ማዶ ቆሞ ይታያል፣ ርቀቱም 250 ወይም 300 ሜትር ሊሆን ይችላል። የሚነዳ ውሻ የለም። የቆሰለ ኤልክ ሸንተረሩን አንዴ ካለፈ ማግኘቱ ከባድ ነው። ቢገኝም ሥጋውን በጀርባ ተሸክሞ መውጣት አለ። ስለዚህ አዳኙ ትርፍ ጉልበት ይፈልጋል፤ ከ.30-06 አልፎ ወደ .300 ዊንቸስተር ማግነም የሚሄደውም ለዚህ ነው።

የሚገርመው ግን ይህ ነው። የኮሎራዶ ሕግ ለኤልክም ለሙስም የሚጠይቀው ጉልበት በመቶ ያርድ ላይ ወደ 1356 ጁል ብቻ ነው። ስዊድን ከምትጠይቀው ትንሹ እንኳን በጣም ያንሳል። ኮሎራዶ ላይ ሕጉ ዝቅ ብሎ የአዳኞች ልማድ ከፍ ይላል። ስዊድን ላይ ሕጉ ከፍ ብሎ ልማዱ በጥንቱ ጥይት ይረካል። ሌላም አለ። በ2007 አሜሪካ ውስጥ 6.5 ክሪድሞር የሚባል ጥይት ወጣ። ከ6.5 በ55 ጋር በአረር ስፋትም በጉልበትም እጅግ ይቀራረባል። አሜሪካኖች አንጋፋውን «የአጋዘን ጥይት» ብለው ሲያልፉት ኖረው፣ አዲሱን በደስታ ተቀበሉት። ስለዚህ ሰው ጥይትን የሚለካው በቁጥር ብቻ እንዳልሆነ ከዚህ በላይ ማስረጃ አልፈልግም።

የእኔን ፍርድ ልንገራችሁ። ስዊድን፣ ኖርዌይ ወይም ፊንላንድ ካላችሁና ጀማሪ ከሆናችሁ 6.5 በ55ን ያዙ። ርግጫው ለስላሳ ነው። ጠመንጃ ሲራገጥ ሰው ሳያስበው ዓይኑን ይጨፍናል፣ ምላጩንም በድንጋጤ ይስበዋል፤ በቀላሉ የማይወገድ መጥፎ አመል የሚጀምረው እንዲህ ነው። ኖርዌይ ውስጥ ትልቅ አውሬ የሚያድን ሰው በየዓመቱ የተኩስ ፈተና ማለፍ ስላለበት ብዙ መተኮስ ግድ ይላል። ትከሻን የማይጎዳ ጥይት እዚያ ላይ ዋጋው ይታያል። የአሜሪካ ምዕራብ ካላችሁ ግን .30-06ን ያዙ። ማግነሙን መተኮስ ከለመዳችሁ በኋላ ታስቡበታላችሁ።

በነገራችን ላይ አሜሪካኖች እርስ በርሳቸውም አይስማሙም። ጃክ ኦኮነር የተባለው የአደን ጸሐፊ በ1925 የወጣውን .270 ዊንቸስተር ዕድሜ ልኩን አወድሶታል። ቀላል አረር፣ ከፍተኛ ፍጥነት፣ ትክክለኛ ምት የሚል ነበር። የአይዳሆው ኤልመር ኪት ደግሞ ወፍራምና ከባድ አረር ካልሆነ አይሆንም ብሎ ተሟገተ። ሁለቱም ካለፉ ብዙ ዓመት ሆኗል፤ የሁለቱ ደጋፊዎች ግን ዛሬም ይከራከራሉ።

.30-30፦ አሜሪካ የሚወደድ፣ አውሮፓ የማይፈቀድ

.30-30 በ1895 ገበያ ላይ ዋለ። ከሥሩ ባለው እጀታ ከሚጎርሰው የዊንቸስተር ሞዴል 1894 ጋር ስሙ አብሮ ይነሳል። የአሜሪካ ምሥራቅ ጫካ አዳኝ ነጭ ጭራውን አጋዘን በዚህ ሲጥል ኖሯል። ጠመንጃው ቀላልና ቀጭን ነው፣ ቁጥቋጦ ውስጥ አይተበተብም።

ጥይቶቹ በርሜሉ ሥር ባለ ቱቦ ውስጥ አንዱ ከአንዱ ኋላ ተሰልፈው ይቀመጣሉ። የአንዱ አረር ጫፍ የፊተኛውን ቀለህ መቀስቀሻ ይነካል። ጫፉ ሹል ቢሆን፣ ጠመንጃው ሲራገጥ የፊተኛውን ሊያፈነዳው ይችላል። ስለዚህ አረሩ አፍንጫው ደፍጣጣ ነው። ደፍጣጣ ነገር ደግሞ አየር ቶሎ ይይዘዋል፣ ጉልበቱ ቶሎ ይወርዳል። በመቶ ሜትር ላይ የተለመደው .30-30 ወደ 1800 ጁል ገደማ ይቀረዋል።

አሁን ይህን ቁጥር ይዛችሁ አውሮፓ ግቡ። ጀርመን ለትልልቅ አጋዘንና ለዱር አሳማ ቢያንስ 6.5 ሚሊ ሜትር አረርና በመቶ ሜትር 2000 ጁል ትጠይቃለች። .30-30 ወደቀ። በስዊድን የሙስ ሕግም ወደቀ። ጀርመናዊው አዳኝ «ይህ ለኤግዚቢሽን ነው» ቢላችሁ ሕጉን እየተናገረ ነው። የቨርጂኒያው አዳኝ ደግሞ እዚያው ጫካው ውስጥ ከ60 ሜትር ሲተኩስ ምንም አልጎደለበትም። ለስላሳ የጎማ ጫፍ ያላቸው አዳዲስ አረሮች ከወጡ ወዲህ ሂሳቡ ትንሽ ተሻሽሏል፤ ሹል ሆነውም ቱቦ ውስጥ ችግር አይፈጥሩም።

ቨርጂኒያ፣ ሜሪላንድ ወይም ፔንሲልቬኒያ ላላችሁ፣ ጫካ ውስጥ ለማደን ከሆነ .30-30ን በሙሉ ልብ እመክራለሁ። ግን የካውንቲያችሁን ሕግ አስቀድማችሁ አጣሩ፤ ቨርጂኒያ ውስጥ እንዲህ ያለ ጠመንጃ (ራይፍል) ለአጋዘን የማይፈቅዱ ካውንቲዎች አሉ። ኦሃዮ ከሆናችሁ ነገሩ ሌላ ነው። እዚያ ከ2014 ጀምሮ ለአጋዘን የተፈቀደው ቀለሁ ወጥና አንገት የሌለው ጥይት ነው፤ .30-30 ደግሞ አንገት አለው። በዚህ ምክንያት በ1873 የወጣው .45-70 እንደ አዲስ ገበያ አገኘ።

8 በ57፦ ጀርመን የሚያከብረው፣ አሜሪካ የሚንቀው

ይህ ጥይት ለእኛ እንግዳ አይደለም። በአባቶቻችን ፉከራ ስሙ የሚነሳው ቤልጅግ፣ ቤልጅየም ውስጥ የተሠራው ማውዘር፣ የሚተኩሰው ይህንኑ ነው። 7.92 በ57 ይሉታል፣ 8 በ57 ይሉታል፣ አሜሪካ ውስጥ 8 ሚሊ ሜትር ማውዘር ይሉታል።

ጀርመናዊው አዳኝ ብዙ ጊዜ ከፍ ያለ የእንጨት ማማ ላይ ተቀምጦ ምሽት ላይ ይጠብቃል። ርቀቱ ከመቶ ሜትር አይርቅም። በክረምት ደግሞ በቡድን የዱር አሳማ ያባርራሉ። ብዙ አዳኝ ሥጋውን ለምግብ ቤት ወይም ለሥጋ ቤት ይሸጣል። ከመጠን በላይ ፈጣን አረር ትከሻውን ሁሉ ደም አስቋጥሮ ሥጋ ያበላሻል። 8 በ57 ከባድ አረር በመካከለኛ ፍጥነት ስለሚያስወነጭፍ የሥጋው ብክነት ያንሳል። ለሻጩ ይህ ገንዘብ ነው።

አሜሪካዊው ግን 8 ሚሊ ሜትርን ደካማ ነው ይላል። አይዋሽም፤ የሚያውቀው ካርቶን በእርግጥ ደካማ ነው። ምክንያቱ እንዲህ ነው። በ1888 የወጣው የመጀመሪያው ጥይት አረሩ 8.07 ሚሊ ሜትር ገደማ ነበር። በ1905 ወደ 8.2 ሚሊ ሜትር ሰፋ። ሰፊውን ጥይት በአሮጌው ጠባብ በርሜል መተኮስ አደገኛ ነው። የአሜሪካ ፋብሪካዎች በየቤቱ ያለውን አሮጌ ጠመንጃ ፈርተው ባሩዱን ቀነሱት። አውሮፓ ውስጥ ግን የሰፊው በርሜል ጥይት አይ-ኤስ የሚል ምልክት ተደርጎበት በሙሉ ጉልበቱ ይሸጣል፤ ከ.30-06 የሚተናነስ አይደለም። አንድ ስም፣ ሁለት ጉልበት። ዋሽንግተን ያለና ፍራንክፈርት ያለ ሰው ስለ 8 በ57 በስልክ ቢከራከሩ የሚያወሩት ስለ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ነው። 6.5 በ55ም አሜሪካ ውስጥ በአሮጌ ጠመንጃዎች ምክንያት እንዲሁ ተለሳልሶ ነው የሚጫነው።

የአያት ማውዘር የወረሰ ሰው ካለ፣ አንድ ጥይት ከመተኮሱ በፊት በርሜሉን ጠመንጃ ሠሪ ያሳይ። ይህ የሚዘለል አይደለም።

ሕግ የወለዳቸው ምርጫዎች

ፈረንሳይ ውስጥ ለረጅም ዘመን የጦር ጥይት ለሲቪል በጥብቅ የተገደበ ነበር፤ ሕጉ በ2013 እስኪሻሻል ድረስ። ስለዚህ ፈረንሳዊው አዳኝ .30-06ን ትቶ ጀርመናዊው ጥይት ሠሪ ብሬኔከ በ1917 ያወጣውን 7 በ64 ወደደ። ዛሬ ክልከላው ላልቷል፣ ፍቅሩ ግን አለ። ሕንድ ውስጥም ተመሳሳይ ነገር ሆኗል። እንግሊዞች የጦራቸው ጥይት .303 በሲቪል እጅ እንዳይገባ ስለከለከሉ የሕንድ አዳኝ .315 ያዘ። በ1907 ገደማ .450 ሲከለከል ደግሞ የእንግሊዝ ጠመንጃ ሠሪዎች .470ንና መሰሎቹን አወጡ። ከሕንድ ውጭ ግን .303 የሕዝብ ጥይት ሆነ። ካናዳና ኒውዚላንድ ውስጥ ከጦሩ የተረፈው .303 ጎራሽ ጠመንጃ፣ ሊ-ኤንፊልድ፣ በርካሽ ተሸጠ፣ ሰውም አጋዘን አደነበት። ሩሲያ ውስጥ ለ1891ዱ 7.62 በ54 ያለው ፍቅርም እንዲሁ ነው፤ ርካሽ፣ የሚገኝ፣ ብርድ የማይበግረው።

አፍሪካ፦ 7 በ57ና ትልልቆቹ

7 በ57 በ1890ዎቹ መጀመሪያ የወጣ የማውዘር ጥይት ነው። ቦየሮች፣ የደች ዝርያ ያላቸው የደቡብ አፍሪካ ሰፋሪዎች፣ ከ1899 እስከ 1902 ከእንግሊዝ ጋር ሲዋጉ ይዘውት ነበር። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ እስከ ዛሬ ስሙ በአክብሮት ይነሳል። እንግሊዞች .275 ሪግቢ ብለው ወሰዱት። ስኮትላንዳዊው ካራሞጆ ቤል በሕይወቱ ከሺህ በላይ ዝሆን ገድሏል፤ አብዛኛውን የገደለው በዚህ ትንሽ ጥይት ነው።

ይህን ታሪክ ሰምቶ «እንግዲህ 7 በ57 ለሁሉም ይበቃል» የሚል ሰው ያሳስበኛል። ቤል የዝሆንን ራስ ቅል ሰንጥቆ ያጠና፣ አንጎሉን ከየትኛውም አቅጣጫ መምታት የሚችል ሰው ነበር። ሲመታ የማይሰፋና የማይሰበር ድፍን አረር ነበር የሚጠቀመው። በእሱ ልክ ያልሠለጠነ ሰው በዚያ ጥይት ዝሆን ላይ ቢተኩስ እንስሳውንም ራሱንም ያስጨርሳል። ዛሬ ሕጉም አይፈቅድም። ናሚቢያ ለዝሆንና ለጎሽ ከአፈሙዝ 5400 ጁል ትጠይቃለች። በ1912 የወጣው .375 ኤች ኤንድ ኤች ይህን ያልፋል። በርሊናዊው ኦቶ ቦክ በ1905 ለአፍሪካ የሠራው 9.3 በ62 ግን በተለመደው አጫጫኑ እዚያ አይደርስም። እሱ ዛሬ ይበልጥ የሚወደደው ስካንዲኔቪያ ውስጥ ነው፣ ለሙስና ለድብ። በናሚቢያ ኩዱ ለሚባለው የአፍሪካ አጋዘን 2700 ጁል ስለሚበቃ 7 በ57 እዚያ ላይ በኩራት ይቆማል።

ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት

በመጀመሪያ የምትበሉትን አስቡ። የኦርቶዶክስ ምእመናን ሰኮናው የተሰነጠቀና የሚያመሰኳ እንስሳ ነው የምንበላው። ሙስ፣ ኤልክና አጋዘን ያመሰኳሉ። የዱር አሳማ ግን ከእኛ ማዕድ የለም። ስለዚህ ጀርመን ያለ ወገን ለአሳማ የሚመከረውን ከባድ ጥይት ሁሉ መግዛት አይጠበቅበትም። ዋና አደኑ ትንሿ የአውሮፓ አጋዘን ናት፤ ጀርመን ውስጥ በዓመት ከአንድ ሚሊዮን በላይ ይታደናል። ለእሷ ሕጉ በመቶ ሜትር 1000 ጁል ብቻ ነው የሚጠይቀው። 6.5 በ55 ለእሷም ለትልቁ ቀይ አጋዘንም ይሆናል። በጥይት የወደቀውን ስለ መብላት ጥያቄ ያለው ደግሞ ንስሐ አባቱን ከአደኑ በፊት ቢያነጋግር ይሻላል።

ሁለተኛ፣ ቅርብ ያለውን ሱቅ ጎብኙና መደርደሪያው ላይ ያለውን እዩ። የኡፕሳላ ሱቅ 6.5 በ55 ሞልቶታል። የቴክሳስ ሱቅ ላይ ተመሳሳዩን ጥይት ልታጡት ትችላላችሁ፤ .308ና .30-06 ግን አይጠፉም። ሰውን ልምምድ የሚያስተወው ጥይት ሲወደድና ሲጠፋ ነው።

ሦስተኛው እርሳስ ነው። ካሊፎርኒያ ከሐምሌ 2019፣ ዴንማርክ ከሚያዝያ 2024 ጀምሮ የእርሳስ አረር ለአደን ከልክለዋል። ምትኩ መዳብ ነው። መዳብ ከእርሳስ ስለሚቀል ለአንድ ዓይነት ክብደት አረሩ መርዘም አለበት። ተመትቶ ለመስፋትም በቂ ፍጥነት ይፈልጋል። ከባድ አረርን በዝግታ በማስወንጨፍ ለታወቁት አንጋፋ ጥይቶች ይህ ቀላል ፈተና አይደለም። አሮጌ በርሜል ሁሉ ረጅሙን የመዳብ አረር አይወደውም። እዚያ አገር ያላችሁ፣ ጠመንጃውን ከመግዛታችሁ በፊት ሻጩ በሁለት ወይም በሦስት ዓይነት የመዳብ ጥይት ኢላማ ላይ እንዲያስሞክራችሁ ጠይቁ። ቀዳዳዎቹ ተሰብስበው ያረፉበትን ካርቶን ስሙንም ክብደቱንም ጽፋችሁ ያዙ፣ ሁልጊዜም እሱኑ ግዙ።